ከክትባት ካርዱ በኋላ ማን ይጠራቸዋል?

በአራዳም ሆነ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ብዙ እናቶች የልጃቸውን የክትባት ካርድ ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። ካርዱ ላይ ቀጠሮዎቹ በተርታ ሰፍረዋል፤ በተወለደ ጊዜ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በ9ኛው ወር፣ በ15ኛው ወር። እናትየዋ በቀጠሮዋ ካልቀረበች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጥታ ትጠይቃለች፤ ጤና ጣቢያ ስትደርስም ልጁ ይመዘናል፣ አመጋገቡ ይጠየቃል፣ መቀመጥና መዳህ መጀመር አለመጀመሩ ይታያል። ከ15ኛው ወር በኋላ ግን ካርዱ ዝም ይላል። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ድምፁ ሲጎረንን፣ ልጅቷ የወር አበባ ስታይ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ፣ «ና እስቲ፣ ደህና ነህ?» ብሎ በቀጠሮ የሚጠራ የጤና ተቋም የለም። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ጤና ጣቢያ የሚመለሱት ሲታመሙ ነው፤ ብዙ ሴቶች ልጆች ደግሞ ዳግም በስማቸው ካርድ የሚወጣላቸውና ቀጠሮ የሚሰጣቸው ሲያረግዙ ነው።

መደበኛ የጤና ምርመራ ስንል ያልታመመ ሰው በታወቀ ዕድሜ፣ በታወቀ ቀጠሮ፣ ስለ አካሉም ስለ ኑሮውም የሚታይበትን አሠራር ማለታችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉትን፣ በእኛ የጤና ሰነዶች «አፍላ ወጣቶች» የሚባሉትን፣ በዚህ አሠራር ውስጥ ማካተት እንደሚገባ ከረዥም ጊዜ ጀምሮ ሲናገር ቆይቷል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ከዩኒሴፍ ጋር ባወጣው መመሪያም የቀጠሮው ሰንሰለት በሕፃንነት እንዳይቋረጥና የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሥርት ዓመታት እንዲሸፍን መክሯል። ጥያቄው እንግዲህ ሐሳቡ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ያሉት ጤና ጣቢያዎችና ያሉት ትምህርት ቤቶች ባሉበት ሁኔታ፣ ምርመራው ምን ቢይዝና እንዴት ቢካሄድ እውነተኛ ጥቅም ይሰጣል የሚለው ነው።

ክፍተቱ የመጣው ከቸልተኝነት ብቻ አይደለም። አገሪቱ ለረዥም ጊዜ ያላትን አቅም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሞት በማትረፍ ላይ አውላለች፤ የእነርሱን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን የምዕተ ዓመቱን የልማት ግብ ከ2015 እ.ኤ.አ. የጊዜ ገደብ ቀድማ ማሳካቷም የዚሁ ውጤት ነው። ከሞት የተረፉት ሕፃናት ግን አድገው አፍላ ወጣቶች ሆነዋል። ከ10 እስከ 14 ያለው ዕድሜ የሞት መጠን ዝቅተኛ የሚሆንበት ጊዜ በመሆኑ፣ በሞት ቁጥር ቅድሚያ የሚሰጥ ማንኛውም ዕቅድ እነዚህን ልጆች ከዝርዝሩ ግርጌ ያስቀምጣቸዋል። እንዲህ ያለው ስሌት የሚያየው ዛሬ የሚሞተውን እንጂ ዛሬ የሚጀምረውን አይደለም። ሰውነት ከሕፃንነት ቀጥሎ በከፍተኛ ፍጥነት የሚያድገው በጉርምስና ሲሆን፣ ሰው በአዋቂነቱ ከሚኖረው ክብደት ግማሽ ያህሉን የሚያገኘው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሴቶች ልጆች የወር አበባ ከጀመሩ በኋላ የብረት ማዕድን ፍላጎታቸው ስለሚጨምር ለደም ማነስ ይጋለጣሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከሰባት አፍላ ወጣቶች አንዱ ከአእምሮ ጤና መታወክ ጋር ይኖራል። ሲጋራ፣ ጫትና አልኮል የሚጀመሩትም በአብዛኛው በዚሁ ዕድሜ ነው።

እዚህ ላይ በቅርብ ያየሁትን አንድ ነገር ልናገር። የእህቴ ልጅ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ውጤቷ ማሽቆልቆል ጀመረ። ከትምህርት ቤት የመጣው መልእክት «ትኩረት የላትም፣ ከጓደኛዋ ደብተር ላይ ትገለብጣለች» የሚል ነበር፤ ቤት ውስጥም ስልክ ተከለከለች፣ ተቆጣናትም። አንድ ቀን አራት ኪሎ ቆመን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ መንገዱን ተሻግሮ የሚመጣውን አውቶቡስ ቁጥር እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። አጠገባችን ደርሶ እስኪቆም ድረስ ማንበብ አልቻለችም። ዓይኗ ተመርምሮ መነጽር በተሰጣት ቀን ያለችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «ሌሎቹ ልጆች ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያዩት?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቷ ሰሌዳው እንደማይታያት አላማረረችም፤ ለሰው ሁሉ የሚታየው እንዲሁ ይመስላት ነበርና። ከጓደኛዋ ደብተር መገልበጧም ስንፍና ሳይሆን ያገኘችው ብቸኛ መፍትሔ ነበር።

«ከታመመ ይናገራል» የሚለው የወላጆችም የጤና ተቋማትም እምነት በዚህ ዕድሜ የማይሠራው ለዚህ ነው። የሩቅ ዕይታ ችግር ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ በተለይ በትምህርት ዕድሜ የሚጀምርና የሚባባስ በመሆኑ፣ ልጁ የሚያወዳድርበት ሌላ ዓይን የለውም። ምርመራው የሚጠይቀው ግን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የፊደል ወይም የምልክት ሰሌዳ፣ የ6 ሜትር ርቀት፣ አንድ ዓይን የሚሸፍን እጅና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ የሠለጠነ መምህር ሊያደርገው ይችላል። ከዚህ ያነሰ ወጪ ጠይቆ የአንድን ልጅ የትምህርት ዕድል እስከዚህ ድረስ የሚለውጥ ሌላ ምርመራ መጥቀስ ይከብደኛል።

በመዘግየቱ ከዚህ እጅግ የከፋ ዋጋ የሚያስከፍለው የልብ ጉዳይ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ሕክምና ማዕከል የሚያውቅ ሁሉ፣ እዚያ ተራ ከሚጠብቁት ልጆች ብዙዎቹ ሲወለዱ ልባቸው ጤነኛ እንደነበረ ያውቃል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጀምረው በጉሮሮ ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያዎችና የልብ ቫልቮች ያጠቃል። ሕመሙ ከጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢሰጥ ይህን ማስቀረት ይቻላል። ከተከሰተ በኋላም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይደጋገምና ቫልቩ ይበልጥ እንዳይጎዳ ማድረግ ይቻላል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ልጆች የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ሲመሠርቱና የሕክምና ማዕከሉም በ2009 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ግቢ ሥራ ሲጀምር፣ እዚሁ አገር ውስጥ ልብን ማከም ተቻለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ቶሎ የማያልቀው ከታች የሚመጣው ስለማይቆም ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የልጁን ልብ በማዳመጫ የሚሰማ፣ «ደረጃ ስትወጣ ከጓደኞችህ በፊት ይደክምሃል? መገጣጠሚያህን አሞህ፣ አብጦብህ ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ነርስ ቢኖር ሁሉንም ባያገኝ እንኳ የተወሰኑትን ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ያገኛቸዋል። ወላጆችም የጉሮሮ ሕመምን «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለው ከማለፍ ይልቅ ጤና ጣቢያ እንዲያመጡት የሚነገራቸው በዚሁ አጋጣሚ ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው በመሣሪያ የሚለኩ ናቸው። የአፍላ ወጣት ምርመራ ከሕፃን ምርመራ የሚለየው ግን በማይለካው ክፍል ነው።

ባለፈው ዓመት መሐል ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ፣ የደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቀረበች። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ «የመጣሽበት ምክንያት?» ብላ ጠየቀቻት፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ወትሮው፣ ጫጫታውን ለማሸነፍ ያህል ከፍ ባለ ድምፅ። ከልጅቷ ኋላ ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፎ ነበር። ልጅቷ ዞር ብላ ሰልፉን አየች፤ ከዚያም «ራስ ምታት» አለች። እውነተኛ ምክንያቷ ይሁን አይሁን አላውቅም። በዚያ መስኮት ግን ከራስ ምታት ሌላ ነገር ሊነገር አይችልም ነበር። በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከተሰለፉት መካከል አንዷ የእናቷ የዕቁብ ጓደኛ፣ አንዱ የጎረቤት አባወራ ናቸው። ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት የሚል ክፍል በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተከፍቷል፤ መከፈቱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሰው የሚያጋልጥ ሲሆን፣ የሥራ ሰዓቱም ከትምህርት ሰዓት ጋር ሲገጣጠም፣ ክፍሉ ባዶ ቢውል ወጣቶቹን «አይመጡም» ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

መደበኛ ቀጠሮ እዚህ ላይ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ የተለየ ጥቅም አለው። ሁሉም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚጠራ ከሆነ መጠራት አያሳፍርም። ልጅቷ ለምን እንደሄደች ለማንም ማስረዳት አይጠበቅባትም፤ ስሟ በተራ ተጠርቶ ነው የሄደችው። ውስጥ ስትገባ ደግሞ ከባለሙያዋ ጋር ብቻዋን የምትሆንበት አሥር ደቂቃ ሊኖር ይገባል። ይህን አሥር ደቂቃ የምርመራው ልብ አድርጌ የምቆጥረው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪሞች ዘንድ የተስፋፋው የአፍላ ወጣቶች የመጠይቅ ስልት ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዲሄድ ተደርጎ የተቀረጸ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ቤት፣ ቀጥሎ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጓደኛና ስለ መዝናኛ፣ ከዚያ ስለ ሱስ አስያዥ ነገሮች፣ ስለ ፍቅርና ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በመጨረሻም ስለ ድባቴና ራስን ስለ መጉዳት። ባለሙያዋ ከመጀመሯ በፊት የምትናገረው ቃል ወሳኝ ነው፦ የምትነግሪኝ በመካከላችን ይቀራል፤ ሕይወትሽን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካለ ወይም የሚጎዳሽ ሰው ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም፣ ከማን ጋር እንደምንነጋገርበትም አብረን እናያለን። ይህ ገደብ አስቀድሞ ካልተነገረ ኋላ ሲመጣ ክህደት ይሆናል።

ለወላጆች ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም ወላጅ ነኝ። ልጃችን ተጠይቃ ለመመለስ አፏን ሳትከፍት እኛ መመለስ ለምዶብናል፤ «ደህና ነች፣ ትበላለች፣ ትምህርቷንም ትከታተላለች» እንላለን። ከክፍሉ ውጡ ሲባልም ልጃችንን የሚቀሙን ይመስለናል። ነገር ግን ልጆች በዚህ ዕድሜ የሚደብቁት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ወላጃቸውን ማሳዘን ስለሚፈሩ ነው። ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ይዘራል የሚለው ፍርሃትም በጥናት የተደገፈ አይደለም፤ በጥንቃቄ የተጠየቀ ልጅ ብዙውን ጊዜ እፎይታ ይሰማዋል። ወላጁ መጀመሪያ ገብቶ የቤተሰቡን የሕመም ታሪክ ተናግሮ፣ የሚያሳስበውን ጠይቆ፣ ከዚያ ቢወጣና በመጨረሻ ተመልሶ ቢገባ፣ ማንም ከማንም አይቀማም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ «ሙሉ ምርመራ» የሚለው ቃል ያሳስተናል። የግል የሕክምና ተቋማት ማስታወቂያ ላይ ደምም ሽንትም ኤክስሬይም በአንድ ላይ ተደርድሮ ሲታይ፣ ብዙ በተለካ ቁጥር ጤና የሚጨምር ይመስላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 የሆኑ ልጆች ሁሉ ስለ ድባቴ እንዲጠየቁ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲመክር፣ የጀርባ አጥንት መጣመምን ምልክት በሌላቸው ልጆች ላይ መፈለግን በተመለከተ ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። ማለትም ሁሉ ነገር እኩል አይጠቅምም፤ ያለ ምክንያት የተላከ ምርመራ ቤተሰብን በሐሰት ውጤት ያስጨንቃል፣ ገንዘብም ያባክናል። ለአዲስ አበባ ልጆች ዝርዝሩ አጭር ቢሆን ይሻላል፦ ቁመትና ክብደት ለዕድሜያቸው በተዘጋጀው መለኪያ ታይቶ፣ ዕይታና መስማት፣ ጥርስ፣ የልብ ድምፅ፣ የደም ማነስ ምልክት፣ የክትባት ማሟያ፣ እና ያ አሥር ደቂቃ።

ሌላው ዓለም ይህን በተለያየ መንገድ ሠርቶታል። በፊንላንድ የትምህርት ቤት ነርስ ተማሪውን በየዓመቱ ታየዋለች፤ በአንደኛ፣ በአምስተኛና በስምንተኛ ክፍል ደግሞ ወላጅ በተገኘበት ሰፋ ያለ ምርመራ ይደረጋል። በጃፓን ዓመታዊው የተማሪዎች ምርመራ በሕግ የተደነገገ የትምህርት ቤት ግዴታ ነው። ጀርመን ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት በሐኪም ክሊኒክ የሚሰጥ አንድ ምርመራ አላት፤ ግን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ብዙ ልጆች ሳይሄዱ ያልፋሉ። ከሦስቱ ለእኛ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው፤ ልጁን ወደ ሐኪም ከመጥራት ይልቅ ነርሷን ወደ ልጁ ማምጣት።

ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር በዋናነት የተሰጠው በትምህርት ቤት ነው። በኋላም በአንድ ጊዜ መርፌ፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ተስፋፍቷል። ጤና ባለሙያዎች መጥተው፣ ስም መዝግበው፣ ልጃገረዶቹን በተራ አስገብተው፣ ለወላጅ አስረድተው፣ የቀረችውንም ተከታትለው ወግተዋል። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ክትባቱን ልትወጋ የመጣችው ነርስ መርፌውን ሰጥታ ዕቃዋን ሰብስባ ስትሄድ ግን፣ ዕይታዋ ያልታየ፣ ደም ማነሷ ያልተጠየቀ ልጅ ከፊቷ ተነሥታ ሄዳለች። ወንዶቹ ደግሞ ጭራሽ አልተጠሩም። የከተማዋ የተማሪዎች ምገባም እንዲሁ በየቀኑ ልጆችን በአንድ ቦታ ያገኛል፤ ልጁ ቁርሱን ይበላል፣ ክብደቱ ግን የሚጨምር ይሁን የሚቀንስ አይመዘገብም።

የመዝገብ ነገር በመሐል አዲስ አበባ አሁን ይበልጥ የከበደ ጉዳይ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአካባቢው በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። የልጁ ካርድ የቀረው በድሮው ጤና ጣቢያ ነው፤ ቤቱ ሌላ ክፍለ ከተማ፣ ትምህርት ቤቱም ምናልባት ሦስተኛ ቦታ ነው። የሚንቀሳቀስ ልጅን የሚከተለው ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚዛወረው ማስረጃው ነው። የጤና ማጠቃለያው፣ ሚስጥር የሆነው ክፍል ሳይካተት፣ ክትባቱንና የዕይታ ውጤቱን ብቻ ይዞ ከዚያ ማስረጃ ጋር ቢያያዝ፣ ነሐሴ ላይ በአዲሱ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ አብሮት ይደርሳል።

ሆኖም ችግር ማግኘት ብቻውን ውለታ አይደለም። ዕይታዋ ደካማ መሆኑ ተነግሯት መነጽር የማታገኝ ልጅ ያገኘችው አዲስ ሐዘን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ለዘመናት የታወቀበት ቢሆንም፣ ከሪፈር ወረቀቱ እስከ መነጽሩ ያለው ርቀት ለብዙ ቤተሰብ የታክሲ፣ ከሥራ የመቅረትና የመነጽሩ ዋጋ ጥያቄ ነው። በአእምሮ ጤና በኩል ደግሞ የሚላክበት ቦታ ጠባብ ነው፤ «አማኑኤል ተላከ» መባሉ ብቻ የልጁን ስም በሰፈር ያጠፋዋል ተብሎ ስለሚፈራ ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን መርጦ፣ እያንዳንዱን ካጠገቡ ጤና ጣቢያ ጋር አያይዞ፣ መነጽሩን በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚሸፍንበትን መንገድ አስቀድሞ አበጅቶ፣ ለድባቴና ለጭንቀት በጤና ጣቢያው ውስጥ የሠለጠነ አንድ ሰው አዘጋጅቶ መጀመር፣ በመላ ከተማዋ በአንድ ጊዜ ከበሮ ተመትቶ ከሚጀመር ዘመቻ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ትምህርት ቤት ላይ የተመሠረተ ምርመራ ትምህርት ቤት የሌለውን ልጅ አያይም። በለገሃርና በፒያሳ ጫማ የሚጠርጉት፣ ማስቲካና ሶፍት ይዘው በመኪና መሐል የሚሯሯጡት፣ ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የተቀጠሩት ልጃገረዶች ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ ከቤተሰባቸው ርቀው የሚኖሩ፣ ሲታመሙ የሚያሳክማቸው፣ ሲደፈሩም የሚነግሩት የሌላቸው ብዙ ናቸው። የቤት ሠራተኛዋ ግን አንድ የምትገኝበት ቦታ አላት። ወደ ማታ፣ እራት ከመሥራቷ በፊት ወይም አሠሪዎቿ ፈቅደውላት ከጨረሰች በኋላ፣ ደብተሯን በነጠላዋ ሥር ይዛ ወደ ማታ ትምህርት ትሄዳለች። በዚያ ሰዓት ጤና ጣቢያው ከድንገተኛ ክፍሉ በቀር ተዘግቷል፤ የቀኑ ተማሪዎች ነርስም ብትኖር ወደ ቤቷ ሄዳለች። ምርመራው ሲታቀድ በሳምንት አንድ ምሽት ለማታ ተማሪዎች መመደቡ ከመጀመሪያው ቀን በዕቅዱ ውስጥ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው፤ እነዚህ ልጃገረዶች ቀን ላይ በሌላ ሰው ቤት ናቸው፣ ለመውጣትም ፈቃድ የሚጠይቁት ለምን እንደፈለጉት ተናግረው ነው።